ነፋስ የማይይዝ የቸርኬ ክዳን፦ ከጅማ ረጅም መንገድ ለሚወጣ መኪና

የቸርኬን ፊት ለስላሳ በሆነ ክብ ክዳን መድፈን ነዳጅ ይቆጥባል፤ ይህ ሥራ ግን ለሁሉም መኪና አይደለም። መኪናችሁ ጅማ ከተማ ውስጥ ከመርካቶ ጅሬን፣ ከጅሬን ዩኒቨርሲቲ የምትመላለስ ብቻ ከሆነች ጊዜም ብርም አታውጡበት። በባጃጅና በእግረኛ መሐል በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለምትሄድ መኪና አየር ያን ያህል ጠላት አይደለም። ጥቅሙ የሚታየው ረጅሙን አስፋልት ለሚይዝ ሰው ነው። አዲስ አበባ ድረስ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚነዳ፣ ወደ በደሌ ወይም ወደ ቦንጋ አዘውትሮ ለሚወጣ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ግን ድካሙ ይገባል እላለሁ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖችን ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ብዙዎቻችን ያለችንን ቪትዝ ወይም ኮሮላ ገና ለዓመታት ልንይዛት ነው። ያለችው እንድትቆጥብ ማድረግ ደግሞ በእጃችን ነው።

ቁጠባው ስንት ነው? በረጅም መንገድ ላይ ከ1 እስከ 3 በመቶ ብላችሁ ያዙ። 100 ኪሎ ሜትር በ7 ሊትር የምትሄድ መኪና አዲስ አበባ ለመድረስ 24 ሊትር ተኩል ትጠጣለች። 2 በመቶ ቢቀንስላት ግማሽ ሊትር ነው። ደርሶ መልስ 1 ሊትር መሆኑ ነው። በአንድ ጉዞ ሲታይ ትንሽ ነው። ክዳኑ ግን አንዴ ከተሠራ ዓመታት ያገለግላል፣ ዕቃውም ርካሽ ነው። 10 በመቶ ይቆጥባል የሚላችሁን ሰው አትመኑ።

ደግሞ ከክዳኑ በፊት የሚቀድሙ ሁለት ነገሮች አሉ። ጣሪያው ላይ ባዶውን የተቀመጠ ፖርቶመጋላ ካለ አውርዱት። ከቸርኬ ክዳን የበለጠ ነዳጅ የሚያስቀረው እሱን ማውረድ ነው። ሁለተኛው የጎማ ንፋስ ነው። በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ በተለጠፈው ልክ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ አስሞሉ። እነዚህን ሳያስተካክሉ ክዳን መሥራት ትርፉ ድካም ነው።

ቸርኬ አየር የሚይዘው ለምንድን ነው?

በአንድ ተራ የቤት መኪና ላይ ከሚደርሰው የአየር ተቃውሞ ሩብ ያህሉ የሚመጣው ከጎማዎቹና ከጎማ ቤቶቹ ነው። ቀዳዳ ያለው ቸርኬ ሲዞር እንደ ቬንቲሌተር ነው፤ ከውስጥ አየር እየሳበ ወደ ጎን ይተፋል። በመኪናው ጎን ረጋ ብሎ ማለፍ የነበረበት አየር በዚህ ይበጠበጣል። ለዚያ ብጥብጥ የምንከፍለው በቤንዚን ነው። ክዳኑ የሚሠራው ነገር ቀላል ነው፤ የቸርኬውን ፊት ለስላሳ ያደርገዋል፣ የሚተፋውንም አየር ይቀንሳል።

የአየር ተቃውሞ ከፍጥነት ጋር አብሮ አይጨምርም፤ ከዚያ በላይ ነው የሚጨምረው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ተቃውሞው አራት እጥፍ ይሆናል። ከ80 ወደ 100 ስትወጡ እንኳ ከግማሽ በላይ ይጨምራል። ስለዚህ ክዳን ሠርቶ እግርን ማክበድ የተቆጠበውን መልሶ መድፋት ነው።

እኛ ጋ አንድ ልዩ ነገር አለ። ጅማ ከባህር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ባህር ዳርቻ ካለው 15 በመቶ ያህል ይሳሳል። የአየር ተቃውሞውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሌላ አገር የተለካ የቁጠባ ቁጥር ስታነቡ ይህን ቀንሱለት። በሌላ በኩል ሳሳ ያለ አየር ፍሬንን የማቀዝቀዝ አቅሙም ያነሰ ነው። ይህኛው የበለጠ ያሳስበኛል፤ እመለስበታለሁ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣት ኢንሳይት የኋላ ጎማዎቿ ግማሽ ድረስ በአካሏ የተሸፈኑ ነበሩ። ዛሬ መንገዳችን ላይ የሚታዩትን የኤሌክትሪክ መኪኖች ቸርኬም ልብ ብላችሁ እዩ። ብዙዎቹ ጠፍጠፍ ያሉ፣ ቀዳዳቸው ያነሰ ነው። በአንድ ቻርጅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ለመጨመር የተደረገ ነው።

ምን ይዘን እንሠራዋለን?

ዕቃ መረጣው ላይ ቸኩላችሁ አትወስኑ። እኔ የምመርጠው 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ላሜራ ነው። የአሉሚኒየም በርና መስኮት የሚሠሩ ቤቶች ቁራጭ አያጡም። ለ14 ኢንች ቸርኬ የሚሆን ክብ 300 ግራም ያህል ይመዝናል። አይቀልጥም፣ አይሰነጠቅም፣ በሴጌቶም በመቀስም ይቆረጣል። ሰፊ የአሉሚኒየም ድስት ክዳንም ግሩም ነው። መርካቶ ሜትር ይዛችሁ ሂዱና ልኩን ፈልጉ። ጠርዙ ቀድሞውኑ የታጠፈ ስለሆነ እጅ አይቆርጥም፣ መሐሉም ትንሽ ጎበጥ ስለሚል ዳዶዎቹን አይነካም። ስሱን ምረጡ፤ ከባዱ ለወጥ እንጂ ለጎማ አይሆንም።

የማስታወቂያ ቤቶች የሚጠቀሙበት ውስጡ ክፍት ክፍት የሆነ ፕላስቲክ ሰሌዳ ለሙከራ ይሆናል። በጣም ቀላልና ርካሽ ነው። ነገር ግን ሙቀት ያጣምመዋል፣ ፀሐይም ያደርቀዋል። ለኋላ ጎማ ብቻ አድርጉት።

የማልመክራቸውም አሉ። አክሪሊክ ድንጋይ ሲመታው ተሰብሮ ይበተናል። ለሕንፃ ፊት የሚለጠፈው አሉኮቦንድ መሐሉ ፕላስቲክ ነው፤ ባለ 4 ሚሊ ሜትሩ በዚህ ስፋት ከ600 ግራም በላይ ይመዝናል። የብረት ላሜራ ደግሞ ከአሉሚኒየም ሦስት እጥፍ ገደማ ይከብዳል፤ በጅማ ዝናብም ይዝጋል።

ክብደት ላይ የማጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። 14 ኢንች ቸርኬ ያላት ትንሽ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስትሄድ ጎማዋ በደቂቃ 900 ጊዜ ያህል ይዞራል። በዚያ ፍጥነት ክዳኑ ጠርዝ ላይ ያለች 10 ግራም ብሎን ወደ ውጭ የምትጎትተው 1 ኪሎ ተኩል የሚመዝን ዕቃ የሚጎትተውን ያህል ነው። ያመለጠ ክዳን መንገድ ዳር የሚሄድ ሰው እግር ላይ ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ የምትሠሩት ሁሉ ቀላል፣ ሚዛኑን የጠበቀና በደንብ የታሰረ ይሁን።

ሌላው ዕቃ ይህ ነው፦ ያረጀ የፕላስቲክ ዊልካፕ አራት፣ ትራፓኖ፣ የአሉሚኒየም ሪቬትና መምቻው፣ ሮንዴላ፣ ሞረድ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ሜትር፣ ካርቶንና ማርከር። ክሪክና የጎማ መፍቻ መኪናው ውስጥ አሉ።

ዊልካፑ ለምን አስፈለገ ካላችሁ፣ አስተማማኙ ማሰሪያ እሱ ስለሆነ ነው። ፋብሪካው ከቸርኬው ጋር እንዲያያዝ አድርጎ ጥርስና የሽቦ ቀለበት ሠርቶለታል። እኛ የሚቀረን ፊቱን መድፈን ብቻ ነው። ጥርሱ የረገፈ፣ ቀለበቱ የላላ ዊልካፕ ግን በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ።

ልኬትና መቁረጥ

መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ከጎማ ሥር ድንጋይ አድርጉ። ዊልካፑን በቦታው ግጠሙና የቸርኬውን ስፋት ከከንፈር እስከ ከንፈር ለኩ። 14 ኢንች የተባለው ጎማው የሚቀመጥበት ቦታ ነው፤ 35.6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የቸርኬው የውጭ ከንፈር ከዚያ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል። ስለዚህ በቁጥሩ ብቻ አትቁረጡ፤ በሜትር ያገኛችሁትን እመኑ።

ለኋላ ጎማ የክቡ ስፋት ከቸርኬው ከንፈር 1 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ይሁን። ዙሪያውን 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተርፋል ማለት ነው። ክዳኑ በምንም መልኩ የጎማውን ላስቲክ መንካት የለበትም። ጎማ ከመሬት ጋር ሲገናኝ ይለጠጣል፤ የሚነካው ጠርዝ ካለ በየዙሩ ይፈገፍገዋል። ክፍተቱ ውሃም ያስወጣል። በጎን ስታዩትም ክዳኑ ከጎማው ሆድ ወደ ውጭ እንዳይወጣ። ከወጣ የመጀመሪያው የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ወይም የባጃጅ ጎን ይነቅለዋል።

ለፊት ጎማ ክቡን አሳንሱት። ከኋላው 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጥበብ። ዙሪያውን የሚተርፈው ቀለበት የፍሬን ሙቀት መውጫ ነው። ዊልካፑ ጠርዝ አካባቢ ያሉትን ቀዳዳዎችም አትድፈኑ።

መጀመሪያ ካርቶን ቁረጡ። መሐሉ ላይ ሚስማር፣ በሚስማሩ ላይ ገመድ፣ በገመዱ ጫፍ ማርከር አድርጋችሁ ክቡን ሳሉ። ካርቶኑን ቸርኬው ላይ ይዛችሁ የንፋስ መሙያው የሚወጣበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ወደ ላሜራው ገልብጡት። የመሐሉን ነጥብ በሚስማር ነቅሳችሁ አቆዩት፤ በኋላ ያስፈልጋል።

ላሜራውን ስትቆርጡ ከመስመሩ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ሂዱ፣ ትርፉን በሞረድ ብሉት። ጠርዙን በሁለቱም ገጽ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ጣታችሁን በዙሪያው ስታዞሩ ምንም መያዝ የለበትም። የሚዞር ስለታም ጠርዝ ቢላ ነው፤ መንገዳችን ላይ ደግሞ ልጆችም አህዮችም ከጎማ አጠገብ ያልፋሉ። እዚህ ላይ ሰዓት ቢሄድም ይሂድ።

ለንፋስ መሙያው 3 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቀዳዳ ክፈቱ። በትክክል ትይዩው በኩል ሌላ እኩል ቀዳዳ ክፈቱ። ሁለተኛው የሚያገለግለው ለሚዛን ነው። ቀዳዳው ባይኖር ግን ጎሚስታው ንፋስ በሞላ ቁጥር ክዳኑን ሊያወልቅ ነው፤ እናንተም ንፋስ ማየት ትተዋላችሁ።

መግጠም

ክቡን ከዊልካፑ ፊት ላይ አስተካክላችሁ አስቀምጡ። መሐሉ ከመሐሉ ይግጠም። ከዊልካፑ ጠርዝ በእኩል ርቀት ስምንት ቦታ ምልክት አድርጉ፣ ሁለት ሁለቱ ትይዩ ሆነው። መጀመሪያ አንዱን ቀዱና ሪቬት ምቱ፣ ቀጥሎ ትይዩውን፣ ከዚያ በመስቀል ሌሎቹን። በዙር ከሄዳችሁ ላሜራው ይጎብጣል። በዊልካፑ ጀርባ በእያንዳንዱ ሪቬት ሮንዴላ አግቡ። ያለ ሮንዴላ ሪቬቱ ፕላስቲኩን ቀስ በቀስ ይበላውና ይወልቃል።

በብሎንና በዳዶ የምትሠሩ ከሆነ እንዳይፈታ የሚይዝ የፕላስቲክ ቀለበት ያለውን ዳዶ ተጠቀሙ። የብሎኑ ጅራት በጀርባ በኩል ቸርኬውንም የጎማውን ዳዶ እንዳይነካ አሳጥሩት።

አሁን ሚዛኑን እዩ። የመሐሉን ነጥብ በቀጭኑ ቀዱና ሚስማር አስገብታችሁ ቆሞ እንዲዞር ተዉት። ሁልጊዜ አንዱ ጎን ወደ ታች ከወረደ ያ ጎን ከባድ ነው። ጠርዙን በሞረድ ጥቂት ብሉት ወይም በትይዩው ሮንዴላ ጨምሩ። የትም ስታቆሙት እዚያው የሚቆም ከሆነ ጥሩ ነው።

ከመግጠማችሁ በፊት የጎማ ዳዶዎቹን በሚገባ አጥብቁ። ለብዙዎቹ ትናንሽ ቶዮታዎች የተመደበው 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ ጥሩ ጋራዥ መለኪያ ያለው ቁልፍ አለው። ከዚያ ከዳዶው ወደ ቸርኬው የምትሻገር ቀጭን የቀለም መስመር አድርጉ። ክዳኑን ባወለቃችሁ ጊዜ መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ተንቀሳቅሷል። ክዳን ያለው ቸርኬ ዳዶውን ከዓይን ስለሚሰውር ይህ ምልክት በጣም ያስፈልጋል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ላሜራውን በጎማው ዳዶና በቸርኬው መሐል አጣብቆ ማሰር ፈጽሞ አይሆንም። ቀላል መንገድ ይመስላል። ዳዶው ግን ከብረት ጋር በቀጥታ መግጠም አለበት። መሐል የገባ ስስ ላሜራ ይጨመቃል፣ ዳዶው ይላላል፣ ጎማው ይወጣል።

ዊልካፕ የማይቀበል ቸርኬ ካላችሁ ኬብል ታይ በሚባለው የፕላስቲክ ማሰሪያ ማሰር ይቻላል። ክቡ ላይ ጥንድ ጥንድ ቀዳዳ ትበሱና በቸርኬው ክፍተት አዙራችሁ ታስሩታላችሁ። ስምንት ማሰሪያ አድርጉ፤ አንዱ ቢበጠስ ሌሎቹ እንዲይዙ። ጥቁሩን ግዙ፣ ከነጩ ይልቅ ፀሐይ ይችላል። የተለመደው ናይለን ማሰሪያ ያለማቋረጥ የሚችለው ሙቀት 85 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ስለሆነ ይህን ለኋላ ጎማ ብቻ እመክራለሁ። ካሰራችሁ በኋላ መኪናዋን በክሪክ አንሱ፣ ጎማውን በእጅ አዙሩ፣ ጀርባው ላይ የሚነካ ነገር እንዳለ አዳምጡ።

ፍሬንና የጊቤ ቁልቁለት

ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ አበልቲን አልፋችሁ ወደ ጊቤ ሸለቆ ትወርዳላችሁ። ስትመለሱ ደግሞ ከወልቂጤ በኩል ትወርዳላችሁ። የክዳናችሁ ፈተና እዚያ ነው። ፍሬን የመኪናዋን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጣል። ያ ሙቀት መውጣት አለበት፤ ከሚወጣባቸው መንገዶች አንዱ ደግሞ የዘጋነው ቀዳዳ ነው። ከፍሬኑ ሥራ አብዛኛውን የሚሸከሙት የፊት ጎማዎች ናቸው። የፊቱን ክዳን ያሳነስነውም ለዚህ ነው።

የእኔ ምክር፣ ለመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች የኋላውን ብቻ ግጠሙ። ፍሬኑ እንደ ቀድሞው መሆኑን ስታረጋግጡ የፊቱን ጨምሩ። ሰውና ዕቃ ሞልታችሁ ጊቤን የምትወርዱ ከሆነ የፊቱን አውልቃችሁ የኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ክተቱት። ያን ቀን የሚቀረው ቁጠባ ከፍሬን አይበልጥም።

ቁልቁለቱን በከባድ (በዝቅተኛ) ማርሽ ውረዱ፤ ሞተሩ ይያዛት። ፍሬን ረግጦ ከመቆየት እየረገጡ መልቀቅ ይሻላል። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ወይም ፔዳሉ ወደ ታች ከሰመጠ አደጋ በሌለበት ቦታ ቁሙና ይቀዝቅዝ። ውሃ አታፍስሱበት፤ የጋለ ዲስክ ይጣመማል። የፍሬን ዘይታችሁም ዕድሜ አለው። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ 205 ዲግሪ ድረስ አይፈላም። እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን የተቀመጠለት ዝቅተኛ ልክ 140 ዲግሪ ነው። ጅማ ዝናብ የበዛበት አገር ነው። ዘይቱ ሁለት ዓመት ካለፈው ክዳን ከመግጠማችሁ በፊት ቀይሩት።

ሙከራና ጥበቃ

መጀመሪያ ቀስ ብላችሁ ሰፈር ውስጥ ዙሩ። ቀጥሎ የሰርቦን መንገድ ይዛችሁ በ40፣ በ60፣ በ80 ሞክሩ። በየመሐሉ ቁሙ፣ ክዳኑን በእጅ ነቅንቁ፣ ሪቬቶቹን እዩ። መሪ ከተንቀጠቀጠ ወይም የሚያንኳኳ ድምፅ ከሰማችሁ አውልቁት።

ቁጠባውን ለማወቅ ሙሉ ታንክ ከሙሉ ታንክ ጋር አወዳድሩ። በዚያው ማደያ፣ በዚያው ማሽን፣ በዚያው የጎማ ንፋስ፣ በተመሳሳይ ጭነት። 2 በመቶ በጣም ጠባብ ልዩነት ስለሆነ አንድ ታንክ ምንም አይነግራችሁም። ያለ ክዳን ብዙ ጉዞ፣ ከክዳን ጋር ብዙ ጉዞ መዝግባችሁ አማካዩን ውሰዱ።

ክረምት ሲገባ ጭቃውን ጠብቁ። ቀዩ ጭቃችን ከክዳኑ ጀርባ ይገባና ቸርኬው ውስጥ ይደርቃል። አንድ ጎን ሲከብድ መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ብዙ ሰው የጎማ ሚዛን የጠፋ ይመስለዋል። ከጭቃ መንገድ ስትመለሱ ክዳኑን አውልቃችሁ ቸርኬውን ከውስጥ በውሃ እጠቡ። ወደ ቡና እርሻዎቹ የምትገቡበት ሳምንት ከሆነ ቀድማችሁ አውልቁት፤ እዚያ የሚጠቅመው ነገር የለም።

ለዓመታዊ ምርመራ ስትሄዱም አውልቃችሁ ሂዱ፤ መርማሪው ዳዶውንና ቸርኬውን ማየት አለበት። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ሁሉንም ክዳን ንቀሉና ሦስት ነገር እዩ፦ የዊልካፑ ጥርስ፣ የሪቬቶቹ ዙሪያ፣ ዳዶው ላይ ያለው የቀለም መስመር። ፕላስቲኩ ሪቬት አጠገብ ፀጉር መሳይ ስንጥቅ ካሳየ ያ ዊልካፕ ጊዜው አልፏል። ላሜራውን ፈታችሁ ወደ ሌላ አዛውሩት።